ቤቱ ቀዝቅዟል፣ ሰውነት ግን ይጣበቃል፦ ኤሲ፣ ወበቅና ሞባይል ሆም

የኤሲው (የአየር ማቀዝቀዣው) ሙቀት መቆጣጠሪያ፣ ቴርሞስታቱ፣ 22 ዲግሪ ያሳያል። ኤሲው ከጠዋት ጀምሮ ሲነሳና ሲጠፋ ውሏል። ግን አንሶላው እርጥብ እርጥብ ይላል፣ ጨው ዕቃው ውስጥ ያለው ጨው ተጋግሯል፣ ቁምሳጥን ውስጥ የከረመው ጫማ ነጭ ሻጋታ አውጥቷል። እንዲህ ሲሆን አብዛኛው ሰው ከሁለት አንዱን ያደርጋል። ወይ ቴርሞስታቱን ወደ 20 ያወርዳል፣ ወይ ተለቅ ያለ ኤሲ ያስገባል። ሁለቱም ነገሩን ያብሱታል እንጂ አያሽሉትም።

ሙቀትና ወበቅ አንድ አይደሉም። በረሃ ውስጥ ያለ ኤሲ የሚታገለው ከሙቀት ጋር ብቻ ነው። ወበቅ ባለበት አካባቢ ግን ሌላ ሥራ ይጨመርበታል። አየሩ ውስጥ የታመቀውን ውኃ ማውጣት አለበት። ሞባይል ሆም፣ ማለትም ፋብሪካ ውስጥ ተሠርቶ ተጎትቶ የሚመጣው ቤት፣ ደግሞ በአሠራሩ ምክንያት ለዚህ ውኃ በጣም የተጋለጠ ነው። ስለዚህ እዚህ ቤት ውስጥ የኤሲ ዋና ሥራ ማድረቅ ነው ብዬ ብነሳ ማጋነን አይሆንም።

እንዲያውም ዘመናዊው ኤሲ ሲጀመር ሰው ለማቀዝቀዝ ታስቦ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ1902 ኒውዮርክ ብሩክሊን ውስጥ አንድ ማተሚያ ቤት በሞቃቱ ወራት ወበቅ ተቸገረ። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይለጠጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል። ባለ ቀለም ኅትመት አንድ አንድ ቀለም በየተራ ስለሚታተም ቀለሞቹ አልገጥም አሉ። ዊሊስ ካሪየር የሚባል ወጣት መሐንዲስ አየሩን በቀዝቃዛ ቱቦዎች ላይ እያሳለፈ እርጥበቱን የሚቀንስ ዘዴ ነደፈ። የተፈለገው ደረቅ አየር ነበር፤ ቅዝቃዜው አብሮ መጣ።

ውኃው እንዴት ይወጣል?

ከፍሪጅ የወጣ የውኃ ጠርሙስ ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ያልበዋል። ያ ላብ ከጠርሙሱ ውስጥ አልወጣም፤ ከአየሩ ነው የመጣው። አየር ሲሞቅ ብዙ እንፋሎት መያዝ ይችላል። ሲቀዘቅዝ መያዝ ያቅተውና ይጥለዋል። መጣል የሚጀምርበት የሙቀት መጠን የጤዛ ነጥብ ይባላል።

ኤሲው ውስጥ ያለው ኮይልም የሚሠራው በዚሁ መንገድ ነው። ኮይል ማለት ቀዝቃዛ ጋዝ የሚዞርበት ቱቦና በላዩ የተደረደሩት ስስ የአሉሚኒየም ቅጠሎች ናቸው። በሥራ ላይ እያለ ከ4 እስከ 10 ዲግሪ ገደማ ይቀዘቅዛል። የቤቱ አየር በላዩ ሲያልፍ ውኃውን እዚያ ይጥላል፣ ውኃው ከሥር ባለው ሳሕን ላይ ይንጠባጠባል፣ ከዚያ በቀጭን ቱቦ ወደ ውጭ ይፈሳል።

በቁጥር እንየው። ውጭው 30 ዲግሪ፣ እርጥበቱ 70 በመቶ ነው እንበል። እንዲህ ያለ አየር በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ 21 ግራም ገደማ ውኃ ይዟል፤ የጤዛ ነጥቡም 24 ዲግሪ ገደማ ነው። ይቺን 24 ያዙልኝ፣ በኋላ እንመለስባታለን። ቤት ውስጥ የምንፈልገው 24 ዲግሪ ሙቀትና 50 በመቶ እርጥበት ቢሆን፣ እዚያ ያለው ውኃ በሜትር ኩብ 11 ግራም ገደማ ነው። ስለዚህ ከውጭ ሾልኮ የሚገባ እያንዳንዱ ሜትር ኩብ አየር 10 ግራም ትርፍ ውኃ ይዞ ይገባል።

10 ግራም ምን አላት? 4.3 ሜትር ስፋትና 20 ሜትር ርዝመት ያለው ሞባይል ሆም ውስጡ 200 ሜትር ኩብ ገደማ አየር አለው። በየሰዓቱ ግማሹ በስንጥቅና በቀዳዳ ቢለወጥ በሰዓት አንድ ሊትር ውኃ ገባ ማለት ነው። በቀን 24 ሊትር! አንድ ትልቅ ጀሪካን ሙሉ ውኃ ማንም ሳያየው ሳሎን ውስጥ እንደ መድፋት ነው። ሻወሩ፣ ድስቱና የቤተሰቡ ትንፋሽ ገና አልተቆጠሩም።

ይህን ውኃ ማውጣትም በነፃ አይደለም። አንድ ሊትር እንፋሎት ወደ ውኃ ሲመለስ 0.68 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሙቀት ይለቃል። ኤሲው ያንንም ተሸክሞ ውጭ መጣል አለበት። ቴርሞስታቱ ግን ይህን ሥራ አያየውም። የተለመደው ቴርሞስታት የሚለካው ሙቀትን ብቻ ነው። ሙቀቱ የታዘዘው ላይ ሲደርስ ማሽኑን ያጠፋዋል። አየሩ ቢረጥብ ባይረጥብ ግድ የለውም። የነገሩ ሁሉ ቋጠሮ እዚህ ጋ ነው።

ትልቅ ኤሲ ለምን ያስቸግራል?

የኤሲ ጉልበት በቶን ይነገራል። የማሽኑ ክብደት ማለት አይደለም። አንድ ቶን በረዶ በ24 ሰዓት ውስጥ ሲቀልጥ የሚወስደውን ያህል ሙቀት የማውጣት አቅም ነው፤ ቤትና ዕቃ በበረዶ ይቀዘቅዝ ከነበረበት ዘመን የቀረ መለኪያ ነው። በሰዓት 12,000 ቢቲዩ (የሙቀት ኃይል መለኪያ ነው)፣ ወይም 3.5 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል።

2 ቶን ለሚበቃው ቤት 4 ቶን ተገጠመ እንበል። ትልቁ ማሽን ሲነሳ ሙቀቱን ቶሎ ይመታዋል። በ7 ደቂቃ ውስጥ ቴርሞስታቱ ይረካና ያጠፋዋል። ሲያዩት ደስ ይላል። ኮይሉ ግን ውኃ ማፍሰስ የሚጀምረው እንዲህ በፍጥነት አይደለም። መጀመሪያ ራሱ መቀዝቀዝ አለበት። ከዚያ ጠብታዎቹ በቅጠሎቹ መካከል ይጠራቀማሉ። መካከለኛ መጠን ያለው ኮይል አንድ ሊትር ገደማ ውኃ በላዩ ሊይዝ ይችላል። ያ ሞልቶ ነው ወደ ሳሕኑ መንጠባጠብ የሚጀምረው። ይህ ሁሉ 15 ደቂቃ ወይም ከዚያ በላይ ሊወስድ ይችላል። ማሽኑ በ7 ደቂቃ ከጠፋ ውኃው ኮይሉ ላይ እንደተንጠለጠለ ይቀራል። ቀስ እያለ ይተንናል። ተመልሶ ሳሎን ገባ ማለት ነው።

አነስ ያለ፣ ልኩ የሆነ ማሽን ግን ረጅም ሰዓት ይሠራል። ኮይሉ እንደቀዘቀዘ ይቆያል፣ ውኃውም ያለማቋረጥ ይፈሳል። በከባድ ሙቀት ቀን ከሰዓት በኋላ ሙሉ የማያርፍ ኤሲ ሲያዩ "ይሄ ማሽን አቅም አነሰው" የሚሉ አሉ። ወበቅ ባለበት አካባቢ ያ ብዙ ጊዜ ጥሩ ምልክት ነው።

ታዲያ ልኩ ስንት ነው? የወለሉን ስፋት ብቻ በቁጥር አባዝቶ "ይሄን ያህል ቶን" የሚል ሻጭ አትመኑ። ደህና ባለሙያ የግድግዳውን ውፍረት፣ የመስኮቶቹን ብዛትና የሚዞሩበትን አቅጣጫ፣ የጣሪያውን ቀለም፣ የአየር ቱቦዎቹ በየት እንደሚያልፉ ሳያይ ዋጋ አይነግራችሁም። አሜሪካ ውስጥ ለዚህ ማኑዋል ጄ የሚባል የታወቀ የስሌት ዘዴ አለ። የቤቱ ዕድሜም ወሳኝ ነው። እ.ኤ.አ. ከጁን 15 ቀን 1976 ጀምሮ በአሜሪካ የሚሠሩ ሞባይል ሆሞች በፌዴራል ደረጃ አንድ መስፈርት እንዲያሟሉ ተደርጓል። የሙቀት መከላከያው መስፈርት ደግሞ በ1994 ጠብቋል። ከ1976 በፊት የተሠራ ቤት ግድግዳው እጅግ ስስ ሊሆን ይችላል። ስለዚህ ስፋታቸው እኩል የሆኑ ሁለት ቤቶች እኩል ኤሲ ላይፈልጉ ይችላሉ።

ማሽኑ ከመጠን በላይ ትልቅ ሆኖ ከተገጠመስ? ወዲያው አይጣልም። ባለሙያው የማራገቢያውን ፍጥነት ዝቅ ሊያደርገው ይችላል። የተለመደው ልክ በአንድ ቶን በደቂቃ 400 ኪዩቢክ ፊት አየር ነው። ወበቅ ባለበት ወደ 350 ዝቅ ሲል አየሩ ኮይሉ ላይ ትንሽ ረዘም ብሎ ይቆያል፣ ኮይሉም ይበልጥ ይቀዘቅዛል፣ ብዙ ውኃ ይወጣል። ከዚያ በታች መውረድ ግን ኮይሉን በረዶ ሊያስይዘው ይችላል፤ በራስ አይሞከርም።

በራሳችሁ የምትሞክሩት ሌላ ነገር አለ። ቴርሞስታቱ ላይ ማራገቢያውን የሚቆጣጠር ቁልፍ አለ፤ "ኦን" እና "ኦቶ" ይላል። "ኦን" ላይ ከሆነ ማሽኑ ማቀዝቀዝ ሲያቆም ማራገቢያው መንፋቱን ይቀጥላል። ኮይሉ ላይ የቀረውን ውኃ በሙሉ አንስቶ ወደ ቤት ይመልሰዋል። "ኦቶ" ላይ አድርጉት። አንድ ሳንቲም አያስወጣም፣ ለውጡም በጥቂት ቀን ይታወቃል።

ጉዱ ያለው ከወለሉ ሥር ነው

እዚህ ላይ ጊዜ ወስደን እንይ። ሞባይል ሆም ከሌላው ቤት የሚለየው እዚህ ነው።

ቤቱ ፋብሪካ ውስጥ በብረት ቻሲ ላይ ተሠርቶ ተጎትቶ ይመጣል። ብዙ ጊዜ ኤሲው ቀዝቃዛውን አየር የሚልክበት ቱቦ በወለሉና ከሥር በተወጠረው ሸራ መካከል ይሄዳል። ከዚያ በየክፍሉ ወለል ላይ ባሉት ወንፊት መሰል ክዳኖች ይወጣል። የሚመለሰው አየር ግን አብዛኛውን ጊዜ የራሱ ቱቦ የለውም። ማሽኑ ባለበት ቁምሳጥን በር ላይ ባለ ትልቅ ወንፊት በቀጥታ ከኮሪደሩ ይሳባል። ቤቱ ከሁለት ክፍል የተገጣጠመ ከሆነ ደግሞ ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኝ ወፍራም ተጣጣፊ ቱቦ ከቤቱ ሥር፣ ውጭ ላይ ይሄዳል። ይህ ቱቦ መሬት ላይ ወድቆ፣ አይጥ ነክሶት፣ ወይም ከጫፉ ተነቅሎ ማግኘት የተለመደ ነው። እንዲህ ሲሆን ግማሹ ቤት የሚያገኘው ቅዝቃዜ ለመሬቱ ይሰጣል።

የኤሌክትሪክ ሒሳቡ ያናድዳል። ግን ከሒሳቡ የባሰ ነገር አለ። ባለ 2 ቶን ኤሲ በሰዓት 1,400 ሜትር ኩብ ገደማ አየር ያንቀሳቅሳል። ከዚህ 10 በመቶው ወለሉ ሥር ባለ ቀዳዳ ወደ ውጭ ቢያመልጥ 140 ሜትር ኩብ ነው። ማሽኑ ግን ከኮሪደሩ 1,400 መሳቡን አይተውም። የጎደለችው 140 ከየት ትሙላ? ከውጭ። በመስኮት ጠርዝ፣ በማብሪያ ማጥፊያ ቀዳዳ፣ በመብራት ዙሪያ፣ በግድግዳው ስንጥቅ ሁሉ የውጭ አየር ይሳባል። ቅድም ባየነው ሒሳብ ማሽኑ በሠራ በእያንዳንዱ ሰዓት 1.4 ሊትር ውኃ ተጨመረ። ኤሲው ራሱ ወበቁን ወደ ቤት ይጎትታል ማለት ነው። በሠራ ቁጥር ይጎትታል።

ያ አየር ደግሞ ዝም ብሎ ሳሎን አይገባም። በግድግዳው ውስጥ ያልፋል። ብዙ ሞባይል ሆም ውስጥ ግድግዳው በቪኒል (በስስ ፕላስቲክ) የተለበጠ ሰሌዳ ነው፣ ወለሉም ላይ ቪኒል ተነጥፏል። ቪኒል እንፋሎት አያሳልፍም። አሁን ወደዚያች 24 ዲግሪ እንመለስ። የውጭው አየር የጤዛ ነጥብ 24 ነው። ቴርሞስታቱን 20 ላይ ካደረጋችሁት የግድግዳው ሰሌዳና የወለሉ ጀርባ ወደ 20 ይጠጋል። ከውጭ የመጣው እርጥብ አየር ከቪኒሉ ጀርባ ሲደርስ ከጤዛ ነጥቡ በታች የቀዘቀዘ ነገር ያገኛል። ያልበዋል። ውኃው መውጫ የለውም። ከፊት ምንም አይታይም፤ ከኋላ ሰሌዳው ይሻግታል፣ ቺፑዱ ያብጣል። ከጊዜ በኋላ ወለሉ ስትረግጡት ልምጥ ልምጥ ማለት ይጀምራል። ቪኒሉ ላይ ደግሞ ሮዝ ወይም ሐምራዊ እድፍ ይወጣል፤ በሳሙና አይለቅም፣ ምክንያቱም ያለው ከሥር ነው።

ፍሎሪዳ ሶላር ኢነርጂ ሴንተር የሚባለው የምርምር ተቋም እ.ኤ.አ. በ2000 አካባቢ እንዲህ የሻገቱ ሞባይል ሆሞችን መርምሮ ነበር። ያገኛቸው ምክንያቶች እየተደጋገፉ የሚሠሩ ናቸው፦ በጣም ዝቅ የተደረገ ቴርሞስታት፣ የሚያፈስ የአየር ቱቦ፣ ከመሬት የሚነሳ እርጥበት፣ በውስጥ በኩል የተለበጠ ቪኒል። አንዱ ብቻውን ቤት ላያበላሽ ይችላል። ሲገጣጠሙ ነው ወለሉን የሚበሉት።

ስለዚህ አዲስ ኤሲ ከመግዛታችሁ በፊት ወለሉ ላይ ያሉትን የአየር መውጫ ክዳኖች አንድ በአንድ አንሱና በባትሪ ወደ ውስጥ ተመልከቱ። ከሥር የቆርቆሮ አንገት አለ። በአንገቱና በወለሉ እንጨት መካከል ጣት የሚያስገባ ክፍተት ካያችሁ ቀዝቃዛው አየር ወደ ሸራው ውስጥ የሚያመልጠው በዚያ ነው። ይህን ክፍተት ለመድፈን ማስቲክ የሚባለውን በብሩሽ የሚቀባ ወፍራም ማጣበቂያ ተጠቀሙ። ግራጫውን የጨርቅ ፕላስተር አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1998 የአሜሪካው ሎውረንስ በርክሊ ላቦራቶሪ ብዙ ዓይነት መድፈኛ ሲፈትን፣ ስሙ ራሱ ዳክት ቴፕ (የአየር ቱቦ ፕላስተር) የሆነው ይኸው ፕላስተር የአየር ቱቦ ላይ የማይረባ ሆኖ ተገኘ። እየሞቀና እየቀዘቀዘ ሲሄድ ይለቃል። ለሌላ ለሌላው ነገር ግን ምስጋና ይገባዋል።

ቀጥሎ ከቤቱ ሥር መግባት ነው። ለልብሱ የማይሳሳ ሰው ይግባ። ሸራው የተቀደደበትን፣ ታች የተንጠለጠለ የሙቀት መከላከያ ያለበትን ቦታ ይፈልግ። ኤሲው እየሠራ እጅ ቢዘረጋ ቀዝቃዛ ንፋስ የሚመጣበት ቀዳዳ ይታወቃል። ሁለቱን ግማሾች የሚያገናኘው ቱቦ መሬት እንዳይነካ ተንጠልጥሎ መታሰር፣ ጫፎቹም በማሰሪያ ቀበቶና በማስቲክ መጥበቅ አለባቸው። የተቀደደው ሸራ ቱቦው ከተደፈነ በኋላ ይጠገናል፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። አቅም ካለ ቱቦውን በግፊት የሚፈትን ባለሙያ ማስመጣት ይሻላል፤ ዓይን የማያየውን ቀዳዳ ያሳያል።

የመኝታ ቤት በርም የዚሁ ታሪክ አካል ነው። በሩ ሲዘጋ ቀዝቃዛው አየር ወደ ክፍሉ መግባቱን ይቀጥላል፣ መመለሻ ግን ያጣል። ክፍሉ ውስጥ ግፊቱ ይጨምራል፣ ኮሪደሩ ላይ ይቀንሳል። ኮሪደሩ የጎደለውን ከውጭ ይስባል። በሩ ከታች ሁለት ሦስት ሴንቲሜትር ክፍት ካልሆነ ከሥሩ መቁረጥ፣ ወይም ከበሩ በላይ የአየር ማለፊያ ወንፊት ማስገባት ነው። ሌሊት በር ዘግቶ ለሚተኛ ቤተሰብ ይህ ቀላል ነገር አይደለም።

ስንት ላይ ይደረግ?

ከ24 እስከ 26 ዲግሪ። አውቃለሁ፣ 26 ሲባል ብዙ ሰው ፊቱን ያኮሳትራል። ግን 26 ዲግሪና 50 በመቶ እርጥበት ያለው ክፍል 26 ዲግሪና 70 በመቶ ካለው ክፍል ይልቅ ለመተኛት ይመቻል፤ ቆዳ ላይ ያለው ላብ ስለሚደርቅ። በላዩ ቬንትሌተር ቢጨመር ደግሞ ሌላ ነው። ቬንትሌተር ክፍሉን አያቀዘቅዝም፣ ሰውን ነው የሚያቀዘቅዘው፤ ስለዚህ ከክፍሉ ስትወጡ አጥፉት።

ከቴርሞስታቱ ጎን ርካሽ የእርጥበት መለኪያ አስቀምጡ። ዓላማው ከ60 በመቶ በታች መሆን ነው፣ 50 አካባቢ ቢሆን ደግሞ ግሩም። ይህ መለኪያ የሌለው ቤት የሚመራው በግምት ነው።

መሬቱና ጣሪያው

ከቤቱ ሥር ያለው አፈር ሳይታክት እንፋሎት ይለቃል። 0.15 ሚሊሜትር ውፍረት ያለው ላስቲክ መሬቱን በሙሉ ሸፍኖ ቢነጠፍ ብዙው ይቆማል። ዝናብ ከቤቱ ሥር እንዳይተኛ መሬቱ ወደ ውጭ መዘቅዘቅ አለበት። በቤቱ ዙሪያ ያለው ግርዶሽ የአየር መተላለፊያ ይኑረው። ሁለት ጥፋቶች ደግሞ በተደጋጋሚ ይታያሉ። አንደኛው የልብስ ማድረቂያውን እርጥብ ትንፋሽ ከቤቱ ሥር መልቀቅ ነው። ሁለተኛው ኤሲው ከአየሩ ለቅሞ ያወጣውን ውኃ እዚያው ከቤቱ ሥር ማፍሰስ ነው። በቀን 20 ሊትር ውኃ በስንት ልፋት አውጥቶ ወለሉ ሥር መልሶ መድፋት ምን ይባላል? የውኃ መውረጃውን ቱቦ አስረዝሙትና ከቤቱ አርቁት።

ጣሪያው ብዙ ጊዜ ብረት ነው፣ ከሥሩ ያለው የመከላከያ ቦታም ጠባብ ነው። ጠቆር ያለ ጣሪያ ፀሐይ ላይ ከ65 ዲግሪ በላይ ሊሞቅ ይችላል። ነጭ፣ ፀሐይ የሚመልስ የጣሪያ ቀለም ሲቀባ በብዙ ዲግሪ ይቀንሳል። ከላይ ስንጥቅ ካለ መጀመሪያ ይደፈን። አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ጣሪያው ከተቀባና መከላከያው ከተጨመረ በኋላ የሙቀቱ ጫና ስለሚቀንስ የድሮው ኤሲ በአንድ ጊዜ "ትልቅ" ይሆናል። ለዚህ ነው ቤቱን መጀመሪያ አስተካክሎ ኤሲውን ኋላ መግዛት የሚሻለው።

የትኛው ዓይነት?

ውኃ እያተነነ የሚያቀዘቅዘው ማሽን ከምርጫው ይውጣ። ለደረቅ አገር ግሩም ነው፤ እዚህ ግን ሌላ ውኃ ይጨምራል።

የመስኮት ኤሲ ለአንድ ክፍል ወይም ለትንሽ ቤት አይናቅም። ቱቦ የለውም፣ ስለዚህ ወለል ሥር የሚያፈስ ነገር የለም። ዙሪያውን በደንብ መድፈን ይፈልጋል፤ ፋብሪካው አብሮ የሚሰጠው ተጣጣፊ ፕላስቲክ ብቻውን አይበቃም።

ለመላው ቤት ሁለት የተለመዱ መንገዶች አሉ። አንደኛው ሁሉ ነገሩ ባንድ ሳጥን ሆኖ ውጭ መሬት ላይ የሚቀመጠው ነው። ሁለተኛው ጋዙን የሚጨምቀው ኮምፕረሰር ውጭ፣ ኮይሉ ውስጥ ቁምሳጥን ውስጥ የሚሆነው ነው። በሁለተኛው ላይ የሚረሳ ነገር አለ። የሞባይል ሆም ቁምሳጥን ጠባብ ነው፣ አየሩም ወደ ታች፣ ወደ ወለሉ ነው የሚነፋው። ለተራ ቤት የተሠራ፣ ወደ ላይ የሚነፋ ማሽን እዚያ አይገጥምም። "ለሞባይል ሆም የተፈቀደ ነው ወይ?" ብሎ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ሌላው አማራጭ ቱቦ የሌለው፣ ግድግዳ ላይ የሚሰቀለው ሚኒ ስፕሊት ነው። ወለሉ ሥር ያለው ቱቦ ከጥገና አልፎ ከሆነ እኔ ወደዚህ ነው የማዘነብለው። ኢንቨርተር ያለው ዓይነት ፍጥነቱን እንደ ጫናው ስለሚቀንስ ቶሎ ቶሎ አይጠፋም። ግን ተአምር አይጠበቅበትም። በጣም ዝግ ብሎ ሲሠራ ኮይሉ በቂ ቅዝቃዜ ላይኖረው ይችላል፣ እርጥበቱም ይቀራል። ለዚያ ነው "ድራይ" (ማድረቅ) የሚል ቁልፍ የተሰጠው። ትልቅ መግዛት እዚህም ስሕተት ነው።

ዝናብ በሚዘንብበት፣ ሙቀቱ መለስተኛ በሆነበት ጊዜ ደግሞ ኤሲው ስለማይነሳ ቤቱ ይረጥባል። ለዚህ ጊዜ ለብቻው የሚሠራ እርጥበት ማውጫ ማሽን ጥሩ ነው። ክፍሉን በጥቂቱ እንደሚያሞቀው ብቻ እወቁ። ባልዲው ሲሞላ ራሱን ያጠፋል፤ ቱቦ አስገብታችሁ ወደ ማጠቢያው ብታፈሱት ከመድፋት ትገላገላላችሁ።

ስለ ጋዝ አንድ ነገር ሳልል አላልፍም። ኤሲ ጋዝ አይበላም። እንደ መኪና ነዳጅ በየጊዜው የሚሞላ ነገር አይደለም። ጋዙ ካነሰ ወይ ሲገጠም አንሶ ነው የተሞላው፣ ወይ ማፍሰሻ ቀዳዳ አለ። በየዓመቱ መጥቶ "ጋዝ ጎድሏል" እያለ ሞልቶ የሚሄድ ሠራተኛ ቀዳዳውን እንዲፈልግ ጠይቁት። ብዙ ጊዜ ደግሞ የቅዝቃዜ ማነስ ምክንያቱ ጋዝ ሳይሆን በአቧራ የታፈነ ፊልተር ነው። ከአንድ እስከ ሦስት ወር ባለው ጊዜ ይቀየር፤ ውሻ ካለ ቶሎ ቶሎ። የውኃ መውረጃው ቱቦም አረንጓዴ ዝቃጭ ይይዛል፤ አልፎ አልፎ ኮምጣጤ ቢፈስበት ይጸዳል። ሲደፈን ውኃው ሳሕኑን ሞልቶ በቁምሳጥኑ ወለል ላይ ይፈሳል፣ እሱም ቺፑድ ነው። ውኃው ከፍ ሲል ማሽኑን የሚያጠፋ ተንሳፋፊ ማብሪያ ማጥፊያ ርካሽ ነው፣ ይገጠም።

ለጥቂት ሳምንት ጉዞ ስትሄዱ ኤሲውን ሙሉ በሙሉ አታጥፉ። 26 ወይም 27 ላይ ተዉት፣ ማራገቢያው "ኦቶ" ላይ ይሁን፣ የውስጥ በሮችና የልብስ ቁምሳጥኑ በር ክፍት ይቀመጡ። እርጥበት ማውጫ ካላችሁ ቱቦው ወደ ማጠቢያ ገብቶ እየሠራ ይቆይ። ስትመለሱ መጀመሪያ የእርጥበት መለኪያውን እዩ። ከ60 በታች ከሆነ ደህና ነው። ከ65 በላይ ከሆነ ወይ ማሽኑ ለቤቱ ትልቅ ነው፣ ወይ ወለሉ ሥር ገና ያልተገኘ ቀዳዳ አለ።